ለብቻቸው ወደ እስያ ሀገሮች ለጉብኝት ለሚጓዙ መምህራን የቀረበ መረጃ

የትምህርት ቤቶች የክረምት ዕረፍት በሐምሌና በነሐሴ የሚውል በመሆኑ፣ ከአንድ በላይ የእስያ ሀገሮችን በግል ወጪው ለመጎብኘት የሚያስብ መምህር በእጁ ያለው ጊዜ ጥቂት ሳምንታት ብቻ ነው። በዚህ አጭር ጊዜ ውስጥ አንድ ቪዛ ቢዘገይ ወይም አንድ የክትባት ካርድ ቢጎድል ጉዞው በሙሉ ሊስተጓጎል ይችላል። ከቡድን ጋር የሚሄድ ሰው የጎደለውን አስጎብኚው ይሞላለታል፤ ለብቻው የሚሄድ ግን ሁሉንም የሚያሟላው ራሱ ነው። ከዚህም ሌላ ኢትዮጵያ በሁሉም የእስያ ሀገሮች ኤምባሲ ስለሌላት፣ የዝግጅቱ ዋና ክፍል መጠናቀቅ ያለበት ከቦሌ ከመነሣት በፊት ነው። ቀጥሎ የቀረበው ማብራሪያ ከደልሂ ተነሥቶ በባንኮክ በኩል እስከ ሃኖይ የሚዘልቅ የጉዞ መስመርን በአብነት ይወስዳል፤ አብዛኛው ነጥብ ግን ለሌሎች መስመሮችም ያገለግላል።

ስም፣ ቀንና ሰዓት

በቪዛ ማመልከቻ ላይ ከሚፈጠሩ ስሕተቶች ብዙዎቹ የሚመነጩት ከስም አጻጻፍ ነው። በሀገራችን ልማድ የቤተሰብ መጠሪያ ስም የለም፤ ያለው የራስ ስም፣ የአባት ስምና የአያት ስም ነው። የውጭ ሀገር ቅጾች ደግሞ የቤተሰብ ስም በአንድ ሳጥን፣ የራስ ስም በሌላ ሳጥን እንዲሞላ ይጠይቃሉ። ለዚህ አስተማማኙ መንገድ በፓስፖርቱ የፎቶግራፍ ገጽ ግርጌ ባሉት ሁለት በማሽን የሚነበቡ መስመሮች ላይ ስሙ የተከፋፈለበትን ቅደም ተከተል ሳይለውጡ መከተል ነው። የአውሮፕላን ትኬቱም፣ የሆቴል ማስያዣውም፣ የክትባት ካርዱም በዚሁ አጻጻፍ መሞላት ይኖርባቸዋል። በትምህርት ማስረጃ ወይም በልደት ካርድ ላይ ያለው የላቲን ፊደል አጻጻፍ ከፓስፖርቱ ቢለይ የሚጸናው የፓስፖርቱ ነው።

ሁለተኛው የስሕተት ምንጭ የሰዓት አቆጣጠር ነው። በትኬት ላይ ኦገስት 5 ቀን 01:15 ተብሎ የተጻፈ በረራ በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 7 ሰዓት ከ15 ነው። ቀኑ የተቀየረው እኩለ ሌሊት ላይ በመሆኑ፣ ተጓዡ አውሮፕላን ማረፊያ መድረስ ያለበት ኦገስት 4 ማለትም ሐምሌ 28 ቀን ከምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ ነው። ሐምሌ 29 ምሽት ላይ ቢመጣ አውሮፕላኑ ከሄደ አንድ ቀን ሊሞላው ነው። ቲኬቱን በቆረጡበት ዕለት ቀኑንና ሰዓቱን በሁለቱም አቆጣጠር ጽፎ ማስቀመጥ ትንሽ ነገር ቢመስልም ብዙ ያድናል።

ቪዛ

ፓስፖርቱ ከጉዞው በኋላ ቢያንስ ስድስት ወር የሚያገለግልና ባዶ ገጾች ያሉት መሆን አለበት። እድሳት የሚያስፈልገው ሰው ለኢሚግሬሽንና ዜግነት አገልግሎት ቀድሞ ማመልከት ይኖርበታል፤ የክረምት ጉዞ ዝግጅት በግንቦት ከተጀመረ የዘገየ ነው።

ከጉብኝት ቪዛ ማመልከቻ ጋር አብዛኛውን ጊዜ የሚጠየቁት ከትምህርት ቤቱ ወይም ከወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት የተጻፈ የሥራና የዕረፍት ፈቃድ ደብዳቤ፣ የባንክ የሂሳብ መግለጫ፣ የማረፊያ ማስያዣና ደርሶ መልስ ትኬት ናቸው። ደብዳቤው መምህሩ በመስከረም ወደ ሥራ ገበታው እንደሚመለስ ቢገልጽ ይበልጥ ይረዳል፤ ኤምባሲዎች በተለይ የሚመዝኑት ተጓዡ የሚመለስበት ምክንያት እንዳለው ነውና። በአማርኛ ወይም በሌላ የሀገር ውስጥ ቋንቋ የተጻፈ ደብዳቤ ወደ እንግሊዝኛ መተርጎም አለበት።

የቪዛ ዓይነት ከሀገር ሀገር ይለያያል። ቬትናም እ.ኤ.አ. ከኦገስት 15 ቀን 2023 ጀምሮ ለሁሉም ሀገሮች ዜጎች በኢንተርኔት እስከ 90 ቀን የሚያቆይ ቪዛ ትሰጣለች። የመንግሥት ክፍያው ለነጠላ መግቢያ 25፣ ለብዙ መግቢያ 50 የአሜሪካ ዶላር ሲሆን፣ በስም ወይም በፓስፖርት ቁጥር ላይ አንዲት ፊደል ብትሳሳት ቪዛው እንደማያገለግል መታወቅ አለበት። ታይላንድ እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣችው፣ በመግቢያ በር ላይ ቪዛ በሚሰጣቸው የ31 ሀገሮች ዝርዝር ውስጥ ኢትዮጵያ ተካታለች፤ ሆኖም በዚያ መንገድ የሚፈቀደው ቆይታ 15 ቀን ብቻ በመሆኑ፣ ከዚያ በላይ ለመቆየት የሚያስብ ሰው ቪዛውን አስቀድሞ መውሰድ አለበት። ከዚህ በተጨማሪ እ.ኤ.አ. ከሜይ 1 ቀን 2025 ጀምሮ ወደ ታይላንድ የሚገባ የውጭ ሀገር ዜጋ ሁሉ የመግቢያ ካርድ ከመድረሱ በፊት ባሉት ሦስት ቀናት ውስጥ በኢንተርኔት ይሞላል። ካርዱ በነፃ ነው፤ ክፍያ የሚጠይቅ ድረ ገጽ የመንግሥት አይደለም።

በተጓዦች ዘንድ የሚነገረው ሁሉ ለኢትዮጵያ ፓስፖርት አይሠራም። ኔፓል ለብዙ ሀገሮች ዜጎች በካትማንዱ አውሮፕላን ማረፊያ ቪዛ ትሰጣለች፤ ኢትዮጵያ ግን ቪዛውን ቀድመው ማግኘት ከሚገባቸው ሀገሮች ተርታ ነች። እንዲሁም ከደልሂ ወደ ካትማንዱ ወጥቶ ወደ ሕንድ የሚመለስ ሰው ባለብዙ መግቢያ የሕንድ ቪዛ ያስፈልገዋል። ከዋናው ቻይና ወደ ሆንግ ኮንግ መሻገርም ከቻይና እንደ መውጣት ስለሚቆጠር፣ ነጠላ መግቢያ ቪዛ የያዘ ሰው በዚያው ቪዛ ወደ ዋናው ቻይና ሊመለስ አይችልም።

የአየር ሁኔታም ከመስመሩ ጋር መታየት አለበት። የእኛ ክረምት ለአብዛኛው ደቡብና ደቡብ ምሥራቅ እስያ የዝናብ ወቅት ነው። በሕንድና በኔፓል ተራሮች መንገድ በመሬት መንሸራተት ይዘጋል፤ ፊሊፒንስና ሰሜን ቬትናምም የአውሎ ነፋስ ወቅት ላይ ናቸው። በአንጻሩ ጃቫና ባሊ በእነዚህ ወራት ደረቅ ናቸው።

ጤናና ሻንጣ

ኢትዮጵያ የቢጫ ወባ ስጋት ካለባቸው ሀገሮች ዝርዝር ውስጥ በመሆኗ፣ ሕንድና ታይላንድን ጨምሮ ብዙ የእስያ ሀገሮች ዓለም አቀፍ የክትባት ካርድ ይጠይቃሉ። ክትባቱ ተቀባይነት የሚኖረው ከተወሰደ ከ10 ቀን በኋላ ነው። ከጁላይ 2016 እ.ኤ.አ. ወዲህ አንድ ጊዜ የተወሰደ ክትባት ለዕድሜ ልክ ያገለግላል፤ ስለዚህ የቆየ ካርድ ያለው ሰው እንደገና መከተብ አያስፈልገውም። ካርድ ሳይኖረው ሕንድ የደረሰ ሰው እስከ 6 ቀን በለይቶ ማቆያ ሊቆይ ይችላል። ባንኮክ ላይ ካርዱ የሚታየው ወደ ኢሚግሬሽን መስኮት ከመቅረብ በፊት በጤና ቁጥጥር ጠረጴዛ ነው።

መድኃኒት የሚወስድ ሰው በዋናው ማሸጊያ፣ ከሐኪም ማዘዣ ጋር መያዝ አለበት። ኮዴይንና ትራማዶል ያሉባቸው ማስታገሻዎች በበርካታ ሀገሮች ጥብቅ ቁጥጥር አላቸው። ጫትን በሚመለከት መዘናጋት አይገባም፤ በሀገር ውስጥ ያልተከለከለ ቢሆንም ቻይና እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 ቀን 2014 ጀምሮ ቁጥጥር ከሚደረግባቸው አደንዛዥ ዕፆች መድባዋለች፤ ደርቆና ተፈጭቶ ሻይ ተብሎ ቢያዝም ያው ነው። ቋንጣና ሌላ የሥጋ ምግብም ጃፓንን በመሳሰሉ ሀገሮች ያለ ምርመራ ምስክር ወረቀት አይገባም።

አደራ ማድረስ በባህላችን የተከበረ ነገር ነው። ሆኖም ለብቻው የሚጓዝ ሰው ይዘቱን ያላየውን የሌላ ሰው ዕቃ፣ ከዘመድም ቢሆን፣ ተቀብሎ መጓዝ የለበትም። ሲንጋፖር፣ ማሌዥያ፣ ኢንዶኔዥያ፣ ቬትናምና ቻይና በአደንዛዥ ዕፅ ዝውውር ላይ የሞት ቅጣት የሚያስወስኑ ሕጎች አሏቸው፤ ዕቃው የእኔ አይደለም የሚል መልስም በቀላሉ ተቀባይነት አያገኝም።

ገንዘብ

ባንኮች ለጉዞ የውጭ ምንዛሪ የሚሸጡት ፓስፖርት፣ ቪዛና ትኬት አይተው ነው። ተጓዡ የባንኩን ደረሰኝ እስከ መውጫ ፍተሻ ድረስ ይያዝ። ብር በእስያ ሀገሮች አይመነዘርም።

ጉብኝቱን ወደ ሥራ የሚለውጥ ግብዣ

እንግሊዝኛ የሚናገር፣ ዲግሪ ያለውና ለብቻው የሚጓዝ ሰው በሕገወጥ ደላሎች ዘንድ ተፈላጊ ነው። ግብዣው ብዙውን ጊዜ የሚመጣው በቴሌግራም ወይም በፌስቡክ ሲሆን፣ በታይላንድ የቋንቋ አስተማሪነት፣ የደንበኞች አገልግሎት ወይም የኮምፒውተር ሥራ በከፍተኛ ደመወዝ እንዳለ ይገልጻል። ትኬቱን ቀጣሪው እንደሚሸፍን፣ በጉብኝት ቪዛ መግባት እንደሚበቃና የሥራ ፈቃዱ እዚያው እንደሚስተካከል ይነገራል። ባንኮክ ከደረሱ በኋላ ግን ተጓዦቹ በመኪና ወደ ምዕራብ፣ ወደ ድንበር ከተማዋ ሜ ሶት ተወስደው የሞኢን ወንዝ በማሻገር ማይንማር ውስጥ ወደሚገኙ የኢንተርኔት ማጭበርበሪያ ግቢዎች ይገባሉ። ፓስፖርታቸው ይወሰዳል፤ በግዳጅ ሌሎችን እንዲያጭበረብሩ ይደረጋሉ። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2025 ከእነዚህ ግቢዎች ወጥተው ወደ ታይላንድ ከተሻገሩት 260 ሰዎች መካከል በቁጥር ከፍተኛውን ድርሻ የያዙት ኢትዮጵያውያን ነበሩ።

ምልክቶቹን ማወቅ ይቻላል። ለጉብኝት ቪዛ የተረጋገጠ ዲግሪ አይጠየቅም፤ የሚጠይቅ ሰው ካለ ጉዳዩ ጉብኝት አይደለም። የሥራ ቦታው አድራሻ በጽሑፍ የማይሰጥ ከሆነ፣ ወይም ተቀባዩ ከአውሮፕላን ማረፊያ ሆቴል ሳያደርስ በቀጥታ ሌላ ከተማ እወስዳለሁ ካለ መመለስ ይሻላል። በአዋጅ ቁጥር 923/2008 መሠረት የውጭ ሀገር ሥራ ስምሪት የሚካሄደው በሕጋዊ መንገድ ብቻ ሲሆን፣ ጉዳዩን የሚመለከተው የሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ነው። በጉብኝት ቪዛ መሥራት በታይላንድም ወንጀል ነው። ከተፈቀደው ቀን በላይ መቆየት በቀን 500 ባት፣ እስከ 20,000 ባት የሚደርስ ቅጣት ያስከትላል፤ ከ90 ቀን ሲያልፍም ወደ ሀገሪቱ ዳግም እንዳይገቡ ያሳግዳል።

ኤምባሲና የጠፋ ፓስፖርት

ኢትዮጵያ በቤጂንግ፣ በኒው ደልሂ፣ በቶኪዮና በሴኡል ኤምባሲዎች አሏት። ተጓዡ በመስመሩ ላይ ያለ ኤምባሲ ከሌለ የትኛው ኤምባሲ ያንን ሀገር እንደሚሸፍን ከመነሣቱ በፊት ጠይቆ ስልኩን በወረቀት መያዝ አለበት። በዋናው ቻይና የጉግልና የዋትስአፕ አገልግሎቶች ስለሚዘጉ፣ በስልክ ብቻ የተያዘ አድራሻ በሚፈለግበት ሰዓት ላይገኝ ይችላል።

ኤምባሲ የታሰረ ዜጋን መጎብኘት፣ ቤተሰቡን ማሳወቅና የጠበቆችን ዝርዝር መስጠት ይችላል። የሀገሩን ፍርድ መሻር፣ ቅጣት መክፈል ወይም የሆቴል ዕዳ መሸፈን ግን አይችልም። ከመነሻው አንድ የታመነ ሰው፣ ወንድምም ሆነ የሥራ ባልደረባ፣ የፓስፖርቱንና የቪዛዎቹን ቅጂ፣ የየሌሊቱን ማረፊያና የመመለሻ ቀኑን ይያዝ። ከዚያ ሰው ጋር የሚደዋወሉበት ቀን ይወሰን፤ ጥሪው ቢቀር ስንት ቀን ጠብቆ ለውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር እንደሚያመለክት አስቀድሞ ይስማሙ።

ፓስፖርት የጠፋበት ሰው በመጀመሪያ በቅርብ ፖሊስ ጣቢያ አስመዝግቦ የጽሑፍ ማስረጃ ይቀበላል። ከዚያም በማስረጃውና በፓስፖርቱ ቅጂ ለኤምባሲው ሲያመለክት ወደ ሀገር ቤት ብቻ የሚያደርስ ሊሴ ፓሴ ይሰጠዋል። ቪዛው ከፓስፖርቱ ጋር ስለጠፋ ከሀገሩ ኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት የመውጫ ፈቃድ መጠየቅ ሊኖርበት ይችላል፤ ይህም ቀናት የሚወስድ በመሆኑ ትኬቱ ሳያልፍ ለአየር መንገዱ ማሳወቅ ይገባል።