በረዶውን የነካ ሰው

እ.ኤ.አ. በ2006 ዶርቼስተር ውስጥ ባለ ሦስት ፎቅ የእንጨት ቤት የገዛሁ ሰሞን፣ ከእኔ ብዙ ቀድመው ቦስተን የገቡ አንድ ጋሼ ደጃፌ ላይ ቆመው «በረዶውን እንዳትነካው» አሉኝ። «እንደወረደ ከተውከው የእግዜር ነው። አንዴ በአካፋ ከገፋኸው ግን ያንተ ይሆናል።» የሰነፍ ምክር መስሎኝ ሳቅሁባቸው።

ጋሼ ግን የነገሩኝ ሕግ ኖሯል። በ1883 ሳሌም ከተማ የናውምኬግ ጥጥ ፋብሪካ ከተከራዩ ጋር በተሟገተበት መዝገብ፣ የማሳቹሴትስ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አከራይ የጋራ ደረጃ ላይ ከሰማይ የወረደን በረዶ የመጥረግ ግዴታ የለበትም አለ። ከዚያ ወዲህ በረዶውን ባለበት የተወ ባለንብረት፣ ሰው ቢንሸራተትበትም አይጠየቅም ነበር። ጠርጎ የከመረ ግን፣ ክምሩ ቀን ቀልጦ ሌሊት መልሶ ከረጋና ሰው ከጣለ፣ ፍርድ ቤት ይቆም ነበር። ማዘጋጃ ቤቱ የእግረኛ መንገዱን ካልጠረግህ ብሎ ይቀጣሃል፤ የግቢህን ደረጃ ግን ባትነካው ይሻልህ ነበር። መቼም ሰነፍን የሚሸልም ሕግ 127 ዓመት ሲኖር ይገርማል።

ነገሩ የተለወጠው አንድ ሰው ወድቆ ነው። ዲሴምበር 2002 ዳንቨርስ በሚገኝ የገበያ ማዕከል መኪና ማቆሚያ፣ አስፋልቱ ላይ ረግቶ የቀረ የበረዶ ቁራጭ አንሸራቶ ጣለው። ቁራጩ ከተከመረው ላይ ተንከባልሎ ይሁን ቀልጦ መልሶ የረጋ፣ አልለየም። ሰውየው ከሰሰ፤ የሥር ፍርድ ቤቱ ግን «ያው የተፈጥሮ ነው» ብሎ ለተከሳሾቹ ፈረደ። ጁላይ 2010 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ይህን ልዩነት ከነጭራሹ ሻረው። ጥያቄው አንድ ሆነ፦ ባለንብረቱ ተገቢውን ጥንቃቄ አድርጓል ወይስ አላደረገም? እኔን ያስደነገጠኝ ሌላ ነው። በዚያ ክስ ማቆሚያውን ከሚቆጣጠረው መደብር ጎን፣ በረዶውን እንዲጠርግ የተቀጠረው ድርጅትም ተከሳሽ ነበር።

ይህን ሁሉ ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። የ2015ቱ ክረምት (የዚህን አገር ክረምት ማለቴ ነው) ቦስተን ላይ 110.6 ኢንች፣ ማለትም 2.8 ሜትር ገደማ በረዶ አወረደ። ወገቤ አልችል ሲል፣ ፒክአፑ ላይ የበረዶ ማረሻ የገጠመ አንድ ጎረምሳ በጥሬ ገንዘብ ያዝኩ። ልጁ ታታሪ ነው፤ ሌሊት አሥር ሰዓት ይደርሳል። ግን በረዶውን ደረጃው ሥር፣ ከአሸንዳው መውረጃ አጠገብ ይከምረው ነበር። ቀን ፀሐይ ሲያገኘው ውሃው መተላለፊያው ላይ ይፈሳል፣ ማታ እንደ መስታወት ይረጋል። ሁለተኛ ፎቅ ያለችው ተከራዬ በማለዳ ለሥራ ስትወጣ ረገጠችው። የእጇ አንጓ ተሰበረ።

የቤቴ ኢንሹራንስ የላከው ሰው ደረጃውን ፎቶ አነሳና «የጠራጊህ ኢንሹራንስ የት አለ?» አለኝ። ልጁ ጋ ደወልኩ፤ ስልኩ ዝግ ነው። ካሳውን የእኔው ኢንሹራንስ ከፈለ፣ በዓመቱም ክፍያዬን ጨመረብኝ።

እንደ እኔ ቤት የምታከራዩ ወገኖቼ፣ «ኢንሹራንስ አለኝ» የሚለውን ቃል ብቻ ይዛችሁ አካፋ አታስነሱ። በጋውን ሣር የሚያጭድ ድርጅት የያዘው የኢንሹራንስ ውል በረዶ መጥረግን ለይቶ ያስቀረ ሊሆን ይችላል። ማረሻው የጎረቤት አጥር ቢደረምስ የንግድ መኪና ኢንሹራንስ ያስፈልጋል፤ ረዳቱ ቢወድቅ ደግሞ የሠራተኛ ጉዳት ካሳ። የኢንሹራንስ ሰርተፍኬቱን ከጠራጊው እጅ አትቀበሉ፤ የኢንሹራንሱ ቢሮ በቀጥታ ይላክላችሁ፣ ኦክቶበር ሳያልቅ። የሚያበቃበትንም ቀን እዩ። አምና የመጣልኝ ወረቀት ጃንዋሪ 3 የሚያበቃ ነበር።