በተክሊልና በቆብ መካከል

አውግስጦስ ቄሣር ያላገባን ሰው በገንዘቡ ይቀጣ ነበር። ከክርስቶስ ልደት 18 ዓመት በፊት የወጣውና በ9 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕግ (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታትና ቀናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ዕድሜው ደርሶ ያላገባ ሮማዊ ባዕድ የተናዘዘለትን ውርስ እንዳይወርስ ይከለክለዋል። ባሏ የሞተባት ሴትም በተወሰነላት ጊዜ ውስጥ ሌላ ካላገባች ያው ቅጣት ያገኛታል። መንግሥቱ ወታደርና ወራሽ ይፈልግ ነበርና ላጤነት እንደ ጥፋት ተቆጠረ።

ሐዋርያው ጳውሎስ በ50ዎቹ ዓመታት ለቆሮንቶስ ምእመናን ስለ ጋብቻ የጻፈው በዚህ ዓለም ውስጥ ሆኖ ነው። ቆሮንቶስ ዩልዮስ ቄሣር እንደገና ያቋቋማት የሮማ ቅኝ ከተማ ነበረች። ላላገቡትና ለመበለቶች እንደ እርሱ ቢኖሩ መልካም እንደሆነ መምከሩ ዛሬ ለእኛ የገዳም ምክር ይመስለናል፤ ለዚያን ጊዜ ጆሮ ግን የቄሣርን ሕግ የሚጋፋ ነገር ነበር። ያገባውንም ትዳርህን ፍታ አላለውም። ሁለቱም የእግዚአብሔር ስጦታ መሆናቸውን ነግሮ አለፈ። ከዚያ ወዲህ ያለው የቤተ ክርስቲያን ታሪክ፣ እንደ እኔ እንደ እኔ፣ ይህን ሚዛን ለመጠበቅ የተደረገ ትግል ነው፤ ብዙ ጊዜም ሚዛኑ አጋድሏል።

መጀመሪያ ያጋደለው ወደ በረሃው ነው። ቆስጠንጢኖስ በ320 የላጤዎችን ቅጣት ሲሽር፣ በግብፅ አባ እንጦንስ ከመነነ ዓመታት ተቆጥረው ነበር፤ አባ ጳኩሚስም በዚያው ዘመን መነኮሳትን በማኅበር ማኖር ጀመረ። ትናንት የሚያስቀጣው አሁን የሚያስከብር ሆነ። ክብሩም ውሎ አድሮ ደረጃ ወጣለት፤ ድንግል ከላይ፣ መበለት ከመካከል፣ ባለትዳር ከታች። በ390ዎቹ መጀመሪያ ዮቪንያኖስ የተባለ ሰው፣ ያውም ራሱ መነኩሴ የነበረ፣ የተጠመቁ ሁሉ በእምነታቸው ከጸኑ ያገባውም ያላገባውም ዋጋው እኩል ነው ብሎ ቢያስተምር በሮምም በሚላንም ተወገዘ። ሄሮኒሞስ በ393 የጻፈበት መልስ ትዳርን እጅግ ከማዋረዱ የተነሣ፣ የገዛ ወዳጁ ጳማኪዮስ ቅጂዎቹን ከሰው እጅ ለመሰብሰብ ሞክሮ ነበር። ነገሩን ለማለዘብ ነው አውግስጢኖስ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ስለ ትዳር መልካምነት የጻፈው።

የምሥራቁ ቤተ ክርስቲያን ግን ከዚህ ቀደም ብላ ነቅታ ነበር። በአራተኛው መቶ ዓመት በጋንግራ የተሰበሰቡት ጳጳሳት፣ ትዳርን ንቆ በድንግልና የሚኖረውን አውግዘዋል፤ ድንግልና መልካም የሚሆነው ያገባን ሰው ካልተጸየፉበት ብቻ ነው ማለታቸው ነው። ይህ ጉባኤ ፍትሐ ነገሥታችን ከሚጠቅሳቸው አንዱ ነው። ታሪክ ጸሐፊው ሶቅራጥስ ደግሞ ስለ 325ቱ የኒቅያ ጉባኤ ሲተርክ፣ ካህናት ከሚስቶቻቸው ይለዩ የሚል ሐሳብ በተነሣ ጊዜ ተነሥቶ የተቃወመው ጳፍኑትዮስ የተባለ ግብፃዊ ጳጳስ እንደ ነበረ ይነግረናል፤ ሚስት አግብቶ የማያውቅ፣ በስደት ዘመን ዓይኑ የጠፋ ሰው። ታሪኩን የሚጠራጠሩ ሊቃውንት አሉ። እኔ ግን እወደዋለሁ፤ ያላገባው ሰው ላገባው ጠበቃ ሆኖ የቆመበት ነውና።

ወደ እኛ ሲመጣ ሁለቱም መንገድ ሥርዓት አለው። ዲያቆኑ ቅስና ከመቀበሉ በፊት ወይ በተክሊል ያገባል ወይ ይመነኩሳል። ቄስ ሚስቱ ብትሞትበት ሌላ ማግባት አይችልም። ለሚመነኩሰው ለዓለም ሞቷልና ፍትሐት ይደርስለታል። ለደናግል ተክሊል፣ ዳግመኛ ለሚያገቡት ደግሞ የመዓስባን ጸሎት አለ። ይህ ሁሉ የተስተካከለ ይመስላል፤ ሆኖም ጵጵስና ለመነኮሳት ብቻ መሆኑ የደረጃው ወግ ጨርሶ እንዳልቀረ ያሳያል።

ሕይወቱ ከሥርዓቱ ይሰፋል። ክርስቶስ ሠምራ ባለትዳርና የልጆች እናት ነበረች፤ ከዚያ ወደ ደብረ ሊባኖስ፣ በኋላም ወደ ጣና ሄደች። ሰይጣንን ከፈጣሪው ጋር ለማስታረቅ የለመነች ሴት ናት፤ ለእንዲህ ያለ ርኅራኄ የልጆች እናትነቷ ሳያዘጋጃት አልቀረም። ወለተ ጴጥሮስም (1592–1642) የአፄ ሱስንዮስ ባለሟል የመልክአ ክርስቶስ ሚስት ነበረች። ልጆቿ በሕፃንነታቸው ሞቱባት። ባሏ የጳጳሱ አቡነ ስምዖን ገዳዮች ወገን ሆኖ ስታየው ትዳሩን ትታ መነነች፤ የንጉሡን ካቶሊክነት ተቃውማ ተጋዘች። በዙሪያዋም ሰባት ማኅበራት ቆሙ። ገላውዴዎስ በ1672 የጻፈው ገድሏ በጓደኛዋ በእኅተ ክርስቶስ የተሞላ ነው፤ እርሷም ባልና ልጅ ትታ የመጣች ናት። ገድሉን ሳነብ የሚታየኝ ብቻዋን የምትኖር ሴት አይደለችም። አብረዋት የሚበሉ፣ አብረዋት የሚሰደዱ፣ ስትታመም የሚያስታምሟት ሰዎች ከበዋታል።

ተራው ሰው ደግሞ የራሱን መላ አበጀ። የቁርባን ጋብቻ የማይፈታ ስለሆነ ብዙው ሕዝብ በሰማንያ ተጋብቶ ቁርባኑን ለእርጅናው ያቆየው ነበር። ባልና ሚስት ልጆቻቸውን ድረው፣ ጸጉራቸው ሸብቶ፣ ያን ጊዜ አብረው ይቆርባሉ። አንደኛው ሲሞት የቀረችው ቆብ ትደፋለች። ይህን የሚነቅፉ ሰባክያን አሉ፤ ልክም ናቸው፤ ቁርባንን ለሽምግልና ማቆየት ወጣትነትን ያለ ምሥጢር ማሳለፍ ነው። ያም ሆኖ አያቶቻችን አንድ ነገር ገብቷቸው ነበር፤ ትዳርም ብቸኝነትም በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ ተራ በተራ የሚመጡ መሆናቸው። ባሏ የሞተባት አሮጊት ቆቧን ደፍታ በደጀ ሰላሙ ስትቀመጥ ቦታዋን የሚጠይቃት የለም።

በአውሮፓ ሚዛኑ ወደ ሌላው ወገን ያጋደለው ሰኔ 13 ቀን 1525 ነው ማለት ይቻላል። መነኩሴ የነበረው ማርቲን ሉተር ከሁለት ዓመት በፊት ከገዳም ያመለጠችውን ካታሪና ፎን ቦራን አገባ። ስድስት ልጆች ወለዱ፤ የቄስ ቤት ለምእመኑ አርአያ ሆነ። ትዳር ከወደቀበት ተነሣ፤ ደስ ይላል። ገዳማቱ ሲዘጉ ግን ያላገባች ሴት የነበራት የተከበረ ቦታም አብሮ ተዘጋ፤ ብዙ ጊዜ ከአባቷ ወይም ከወንድሟ ቤት በቀር መግቢያ አልነበራትም።

የእኛ ወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ከሉተር ቤት ብዙ ወርሰዋል፤ ትዳርን ማክበሩንም፣ ላላገባው ቦታ ማጣቱንም። ቅርሱ ምን ያህል ሸክም እንደሚችል ያሳዩን ግን የመካነ ኢየሱሱ ቄስ ጉዲና ቱምሳና ባለቤታቸው ወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳ ናቸው። ቄስ ጉዲና ከሀገር የመውጣት ዕድል ቀርቦላቸው ምእመኑን ትቼ አልሄድም አሉ። ሐምሌ 28 ቀን 1979 ተይዘው ተገደሉ። ወይዘሮ ፀሐይ በማግስቱ ዓመት ታስረው፣ ተደብድበው፣ ወደ አሥር ዓመት ገደማ በወህኒ ቆዩ። ባላቸው መገደላቸው እንኳ በይፋ የታወቀው አፅማቸው ከተገኘ በኋላ፣ በ1992 ነው። እርሳቸው እስከ 2014 በሕይወት ኖሩ። ደስታን በትዳር ውስጥ ብቻ የሚፈልግ ትምህርት ለእኚህ ሴት ሠላሳ አምስት የመበለትነት ዓመታት ምን ይላቸው ነበር?

የዛሬው ችግር እዚህ ላይ ነው። ሠላሳ አምስት ዓመት የሞላት፣ በመዘምራን የምታገለግል፣ ለመመንኮስም ጥሪ ያልተሰማት ልጅ በየትኛው ወገን ትቆጠር? ተክሊልም ቆብም የላትም። ከቅዳሴ ወይም ከአምልኮ ወጥታ የምትሰማው፣ «አንቺስ መቼ ነው?» የሚል ነው። ምሕረት ያለው መካሪ ደግሞ ለሷ እንጸልይላት ይላል፤ እንደ ታመመ ሰው። ይህ ሁሉ ሲሆን ረክተሽ ኑሪ ማለት የተራበን ጥገብ ማለት ነው። የባለትዳሮቹም ነገር ያው ነው። ከሠርጉ በፊት ለወራት የቅድመ ጋብቻ ትምህርት ይሰጣቸዋል፤ ከሠርጉ በኋላ ግን ቤታቸው ሰላም ይሁን አይሁን የሚጠይቅ አይገኝም። ትዳሩ የመጨረሻው ዋንጫ ተደርጎ ስለተሰበከላቸው፣ ሲከብዳቸው ለማን ይንገሩ? አንዱን ወገን ከፍ ያደረገ ስብከት ሁለቱንም ወገን ያስርባል።

ስለዚህ ለአባቶችና ለመጋቢዎች ልመና አለኝ። በሚቀጥለው የወጣቶች ጉባኤ የትዳር አጋር አመራረጥን ከማስተማራችሁ በፊት፣ ያላገቡትን ወደ ሽማግሌዎች ጉባኤና ወደ ሰበካው ኮሚቴ አስገቡ፤ የፋሲካ ዕለት ማን ቤት እንደሚፈስኩም ጠይቁ። ካገቡት ዘንድ ደግሞ ሠርጉ ካለፈ ከአምስት ዓመት በኋላ ሂዱ፤ ልጅ አልወለዳችሁም ወይ ለማለት ሳይሆን እንዴት ናችሁ ለማለት።