ጎተራ ሞልቶ ልጅ የሚያብጥበት አገር

ምዕራብ ጎጃም በረሃብ አይታማም። የቡሬ በርበሬና የጃቢ ጠህናን በቆሎ በመኪና እየተጫነ ሌላውን አገር ይመግባል። ያም ሆኖ በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ከአምስት ዓመት በታች ካሉት የአማራ ክልል ልጆች 46 በመቶው የቀነጨሩ ነበሩ፤ ይህን ያህል የትም ክልል አልተመዘገበም። በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ዙሪያ በነርስነት ላረጀሁት ለእኔ ቁጥሩ አላስደነገጠኝም።

ክረምት ሲገባ ያበጡ ልጆች ይመጡልን ነበር። ጉንጩ የተነፋ፣ ጠጉሩ ሳስቶ የቀላ፣ ምግብ ሲያይ ፊቱን የሚያዞር ልጅ። እናቱ «ሲስተርዬ፣ ወፍሮልኝ ነበር እኮ፤ የሰው ዓይን በላብኝ» ትላለች። የሁለቱን እግሮቹን ጀርባ በአውራ ጣቴ ለሦስት ሰከንድ ተጭኜ ስለቅ ጉድጓዱ እንዳለ ይቀራል። እኛ ዘንድ ከመድረሱ በፊት ጠበሉም አዋቂ ቤቱም ተሞክሯል።

ሐኪሞችም ምክንያቱን ሲያፈላልጉ ዘመን አልፏል። ዶክተር ሲስሊ ዊሊያምስ እ.ኤ.አ. በ1933 በዛሬዋ ጋና፣ ጡት ተነጥቀው በበቆሎ ያደጉ ሕፃናት ላይ ያየችውን ጻፈች። ቀጥሎ የጎደለው ፕሮቲን ነው ተባለ። በእኛም አገር እ.ኤ.አ. በ1962 በስዊድን ድጋፍ የተቋቋመው የሕፃናት ሥነ ምግብ ክፍል ስንዴን ከጥራጥሬና ከወተት ዱቄት ጋር አዋህዶ ፋፋን አወጣ። ፋፋ ከተማውን ያዘ እንጂ የገጠሯ እናት ጓዳ እምብዛም አልገባም።

እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ደግሞ ማይክል ጎልደን የተባሉ ሐኪም ሌላ ሐሳብ አመጡ፦ ልጁ የሚያብጠው ሰውነትን ከጉዳት የሚከላከሉት አንቲኦክሲዳንቶች ሲያልቁበት ነው። ሐሳቡ የተፈተነው እንደኛው በቆሎ በሚበላባት ማላዊ ነው። ከአንድ እስከ አራት ዓመት የሆናቸው 2,372 ልጆች ተመረጡ፤ ግማሾቹ ቫይታሚን ኢ፣ ሴሌኒየም፣ ሪቦፍላቪንና ኤን አሴቲል ሲስቲን ያለበትን ዱቄት፣ የቀሩት ምንም የሌለበትን ለ20 ሳምንት ወሰዱ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2005 ታተመ፤ መድኃኒቱን ከወሰዱት 39፣ ካልወሰዱት 23 ልጆች አበጡ። ዱቄቱ እብጠቱን አልከለከለም።

እኔ ዓይኔ የነበረው ጓዳው ላይ ነው። ወተቱ ተንጦ ቅቤው ገበያ ይወጣል፤ እንቁላሉም እንዲሁ። ለልጁ የሚደርሰው እንጀራ በሽሮ ነው፤ ሲያቃጥለው በውኃ ይለቀለቅለታል። ቤተ ክርስቲያን ሕፃን ይጹም አትልም፤ ግን በጾም ወራት ድስቱን ቅባት እንዳይነካው ተብሎ ለእሱም የፍስክ ምግብ አይሠራም። በ2000 ዓ.ም. ሕክምናው እስከ ጤና ኬላ ሲወርድ ፕላምፒ ናት የተባለው የኦቾሎኒ ለጥፍ ምግብ ብዙ ልጅ አትርፏል፤ የዳነው ልጅ የሚመለሰው ግን ወደዚያው ጓዳ ነበር።

«እንቁላሉን አትሽጪ» ማለት ቀላል ነው። የበርበሬው ብር የባል ነው፤ የሴቲቱ ገንዘብ ያቺው እንቁላል ናት፤ ጨውና ሳሙናዋን የምትገዛው በእሷ ነው። ባል ከበርበሬው ሽያጭ ለጨው ብር በሰጠበት ቤት እንቁላሉ ልጁ አፍ ሲገባ አይቻለሁ። ስለዚህ የምግብ ትምህርቱ ለእናት ብቻ መሰጠቱ ይብቃ፤ በርበሬውን የሚሸጠውም ይጠራ።