የቴክኖሎጂ ጥያቄ ያለው መራጭ ተመራጩን በምን አግባብ ይጠይቃል?

በኦሞ ወንዝ ምሥራቃዊ ዳርቻ የምትገኘው ዱስ ከካራ ብሔረሰብ መንደሮች አንዷ ነች። እንደ ላቡክና ኮርቾ ሁሉ የዱስ አርሶ አደሮችም ማሽላቸውን የሚዘሩት የወንዙ ሙላት አፈግፍጎ በሚተወው እርጥብ ደለል ላይ ነበር። በመሆኑም ውኃው መቼ እንደሚሞላና መቼ እንደሚጎድል ማወቅ የዓመቱን ቀለብ የሚወስን ጉዳይ ነው።

1,870 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው የግልገል ጊቤ ሦስት ግድብ በታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ የወንዙ ፍሰት በግድቡ አሠራር ጭምር የሚወሰን ሆኗል። በግድቡ የአካባቢ ተፅዕኖ ጥናት ላይ ለታችኛው ተፋሰስ ነዋሪዎች በቁጥጥር የሚለቀቅ ዓመታዊ ጎርፍ እንዲኖር ታቅዶ ነበር። በታችኛው የወንዙ ክፍል በሚገኘው በዳሰነች ወረዳ ደግሞ የኦሞ ሙላት ነዋሪዎችን በተደጋጋሚ አፈናቅሏል። ስለ ውኃው የሚነገር መረጃ ዳርቻው ላይ ላለው አርሶ አደር በወቅቱ እንዲደርስ ኔትወርክ፣ ስልክ የሚሞላበት ኃይልና በሚያውቀው ቋንቋ የተዘጋጀ መልእክት ያስፈልጋል። የቴክኖሎጂ ጉዳይ የምርጫ ጉዳይ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

የመራጩ ጥያቄ ምንድን ነው?

ቴክኖሎጂን የሚመለከት ጥያቄ ያለው መራጭ ሲባል በከተማ የሚኖር የኮምፒውተር ባለሙያ ብቻ ማለት አይደለም። በጂንካ ገበያ ሂሳቡን በስልክ የሚቀበል ነጋዴ፣ የትምህርት መረጃ በኢንተርኔት የሚፈልግ ተማሪ፣ የከብት ዋጋ በስልክ የሚጠይቅ አርብቶ አደር ሁሉም ከዚህ ይመደባሉ። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. አገልግሎት ከጀመረ ወዲህ የኔትወርክ መቋረጥ የግብይት መቋረጥ ማለት ሆኗል። ለአርሶ አደሩ በ8028 የስልክ መስመር የሚሰጠው የግብርና ምክርም ቢሆን የሚጠቅመው መስመሩ ለሚደርሰውና ቋንቋውን ለሚሰማ ነው።

መንግሥትም በዚህ ረገድ የገባው ቃል አለ። የሚኒስትሮች ምክር ቤት በሰኔ 2012 ዓ.ም. ያጸደቀው የ“ዲጂታል ኢትዮጵያ 2025” ስትራቴጂ መሠረተ ልማትን፣ ዲጂታል መታወቂያንና ክፍያን የሀገሪቱ የልማት አቅጣጫ አካል አድርጓል። በጽሑፍ የሰፈረ ቃል ለመራጩ የመጠየቂያ መለኪያ ይሆናል።

ሕገ መንግሥቱ ምን ይላል?

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ መሆን እንዳለበት፣ ኃላፊነቱን ያጓደለ ባለሥልጣን ወይም ተመራጭም ተጠያቂ እንደሚሆን ይደነግጋል። አንቀጽ 54 የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባላት በየአምስት ዓመቱ እንደሚመረጡና የመላው ሕዝብ ተወካዮች እንደሆኑ ይገልጻል። የመረጠው ሕዝብ አመኔታ ያጣበት አባልም በሕግ መሠረት ከአባልነቱ ይወገዳል። በአንቀጽ 55 መሠረት ምክር ቤቱ ጠቅላይ ሚኒስትሩንና ሌሎች የፌዴራል ባለሥልጣናትን ጠርቶ የመጠየቅ ሥልጣን አለው።

አነስተኛ የሕዝብ ቁጥር ላላቸው የደቡብ ኦሞ ብሔረሰቦች ሁለት ድንጋጌዎች ልዩ ትርጉም አላቸው። በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አናሳ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ከ20 የማያንስ መቀመጫ ይኖራቸዋል። በፌዴሬሽን ምክር ቤት ደግሞ እያንዳንዱ ብሔር፣ ብሔረሰብና ሕዝብ ቢያንስ አንድ ተወካይ ይኖረዋል። የሕዝብ ብዛት ማነስ ጥያቄን ላለማቅረብ ምክንያት እንዳይሆን የተደረገ ዋስትና ነው።

ጥያቄው ለማን ይቅረብ?

ጥያቄ ለማይመለከተው አካል ሲቀርብ መልስ ሳያገኝ ይቀራል። ኢትዮ ቴሌኮም የፌዴራል መንግሥት የልማት ድርጅት ነው። የኦፕሬተሮችን ፈቃድና የአገልግሎት ጥራት የሚቆጣጠረው በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። የግድቡን ኃይል ማመንጨት የሚያስተዳድረው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ነው። ስለዚህ የኔትወርክና የውኃ አለቃቀቅ መረጃ ጥያቄ በዋናነት የሚቀርበው ለፌዴራል ተመራጩ ነው። መልእክቱ በአካባቢው ቋንቋ ተተርጉሞ እስከ ቀበሌ መውረዱን፣ የወረዳ ባለሙያዎች አርሶ አደሩን ማሠልጠናቸውን በተመለከተ ግን የሚጠየቁት በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የተመሠረተው የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ምክር ቤት አባላትና የወረዳ ምክር ቤቱ ናቸው።

ጊዜውም ይታወቃል። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሥራ የሚጀምረው በመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ ሲሆን እስከ ሰኔ 30 ይቀጥላል። በመካከሉም የአንድ ወር ዕረፍት ሊኖረው ይችላል። ተመራጩ ወደ ምርጫ ክልሉ በሚመጣበት ወቅት በቃል የተነሣ ጥያቄ በቃለ ጉባኤ ቢሰፍር በቀጣዩ ዓመት “ምን ደረሰ?” ብሎ ለመጠየቅ ያስችላል። “ኔትወርክ ይስተካከልልን” ከሚል ጥቅል አቤቱታ ይልቅ የቀበሌውን ስም፣ አገልግሎቱ የሚቋረጥበትን ጊዜና የደረሰውን ጉዳት የያዘ ጥያቄ ለመከታተል ይቀላል።

መራጩ ራሱም መረጃ መጠየቅ ይችላል። የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 ማንኛውም ሰው ከመንግሥት አካል መረጃ እንዲጠይቅ ይፈቅዳል። ጥያቄው በጽሑፍም ሆነ በቃል ሊቀርብ ይችላል፤ መልሱም በ30 ቀናት ውስጥ መሰጠት አለበት። መጻፍ አለመቻል ከዚህ መብት አያግድም። የአዋጁን አፈጻጸም የሚከታተለው የኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ነው።

ከኡጋንዳ ተሞክሮ

የስልክና የኢንተርኔት ተጠቃሚዎች ጉዳይ ፖለቲከኞችን እንደሚያነጋግር የኡጋንዳ ተሞክሮ ያሳያል። የሀገሪቱ መንግሥት በ2010 ዓ.ም. የሥራ ዘመን ማብቂያ ላይ ማኅበራዊ ሚዲያ በሚጠቀሙ ሰዎች ላይ በቀን 200 ሺሊንግ ግብር ጥሎ ነበር። ብርቱ ተቃውሞ ካስነሣ በኋላ ግብሩ በ2013 ዓ.ም. ቀርቶ በኢንተርኔት ዳታ ላይ በተጣለ የ12 በመቶ ታክስ ተተክቷል። አንዱ ሸክም ሲነሣ ሌላው መምጣቱ፣ ጥያቄ አንድ ጊዜ መልስ ካገኘም በኋላ ክትትል እንደሚያሻው ያስረዳል።

በዱስም ሆነ በጂንካ ለምረጡኝ የሚመጣ ዕጩ ሊመልሳቸው የሚገቡ ጥያቄዎች ግልጽ ናቸው። የውኃ መልቀቅ ማስጠንቀቂያ ለወንዙ ዳርቻ ነዋሪ በማን፣ በምን ቋንቋና ከስንት ቀን በፊት ይደርሳል? ኔትወርክ ለሌለው ቀበሌ ማስፋፊያው መቼ ታቅዷል? ስልክ የሌላቸው እናቶችና አረጋውያን መልእክቱን በምን መንገድ ይሰማሉ? የዕጩው መልስ ከነቀኑ ቢመዘገብ፣ ከተመረጠ በኋላ የሚጠየቅበት ሰነድ ይሆናል።