ቁልፍ ያለው ጊታር

አጎቴ ጊታሩን ወደ ሸዋ ሮቢት ያመጣው እኔ ከመወለዴ በፊት ነው። የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። አስመራ ላይ ጓዙን ሸጦ ወደ አገሩ ሊመለስ ከተነሣ ጣሊያናዊ እንደገዛው ይናገር ነበር። በደሴ፣ በከሚሴና በአጣዬ አልፎ ቤት ሲደርስ አያቴ በሩ ላይ ቆመው፣ «የጣሊያን ነገር ቤቴ አይገባም!» አሉት። ወንድማቸው በአርበኝነቱ ዘመን እዚያው ይፋት ውስጥ ወድቋል።

አጎቴም መልስ አላጣም። «እማዬ፣ የመጣሁበት መንገድስ የማን ነው?» አላቸው።

እውነቱን ነው። ያ መንገድ ከቆላው ተነሥቶ ወደ ደብረ ሲና ሽቅብ ይወጣና ጣርማበር ላይ ጣሊያኖች በወረራው ዓመታት ተራራውን ሰንጥቀው በሠሩት ዋሻ ውስጥ ያልፋል። አያቴ በዚያ ዋሻ ስንቴ አልፈው ደብረ ብርሃን ደርሰዋል። ግን መንገድ በረንዳ ላይ ይቀራል፤ ቤት አይገባም። ጊታሩም በረንዳ ላይ ቀረ። እንዲገባ የፈቀዱት የይፋት ፀሐይ ልባሱን ማጠፍ ሲጀምር ነው። «ዕቃም ቢሆን ፀሐይ ላይ አይጣልም» አሉ ይባላል።

ልባስ ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ጊታሩ ቀለም የተቀባ እንጨት አልነበረም። አካሉ በፕላስቲክ የተሸፈነ ነው፤ ፊቱ እንደ ዛጎል ውስጥ ያብለጨልጫል። አናቱ ላይ «ኤኮ» የሚል ስም አለው። ብዙ የኤሌክትሪክ ጊታሮች ሁለት ወይም ሦስት ፒክአፕ ሲኖራቸው ይሄ አራት አለው። ፒክአፕ ማለት ማግኔት ላይ የተጠመጠመ ቀጭን የመዳብ ሽቦ ነው፤ የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ ይለውጣል። የትኛው ፒክአፕ እንደሚሠራ የሚመረጠው በተደረደሩ ቁልፎች ነው። አንዱ ቁልፍ ላይ «0» ተጽፏል፤ እሱ ሲጫን ድምፅ ጭራሽ ይጠፋል። አንገቱ ጫፍ ላይ ደግሞ ክሮቹ ከሚያርፉበት ቦታ ቀጥሎ አንድ ተጨማሪ የብረት መስመር አለ። ይህ ክፍት ክርም ሆነ በጣት የተያዘ ክር ሁለቱም ብረት ላይ እንዲያርፉና ተመሳሳይ ድምፅ እንዲሰጡ ያደርጋል።

እኔ በ17 ዓመቴ ይሄን ሁሉ አላውቅም ነበር። ፎቶ ላይ ያየኋቸው ጊታሮች ቁልፍ የላቸውም። አፈርኩበት። አጎቴ መንገድ በሄደበት ቁልፎቹን በጉጠት ነቅዬ አራቱንም ፒክአፕ በቀጥታ አገናኘኋቸው። የወጣው ድምፅ ቀጭንና ደካማ ሆነ። አጎቴ ሲመለስ አልተቆጣም፤ ቁልፎቹን ለቅሞ የሻይ ቅጠል ቆርቆሮ ውስጥ ከተታቸውና ዳግመኛ ጊታሩን አላነሣም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ያበላሸሁት ምን እንደሆነ የገባኝ ካደግኩ በኋላ ነው። ጣሊያን ውስጥ ካስቴልፊዳርዶ የምትባል ከተማ አለች። ፓኦሎ ሶፕራኒ እ.ኤ.አ. በ1863 አኮርዲዮን መሥራት ከጀመረ ወዲህ ከተማዋ የአኮርዲዮን አገር ሆነች። ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላ ሮክ ኤንድ ሮል መጣና ወጣቱ ጊታር ፈለገ። ኦሊቪዬሮ ፒጂኒ እ.ኤ.አ. በ1959 ያቋቋመው ኤኮ፣ ከካስቴልፊዳርዶ ብዙም በማትርቀው በሬካናቲ ጊታር ያመርት ጀመር። ሠራተኞቹ የሚያውቁት ሙያ የአኮርዲዮን ነው። አኮርዲዮን የሚለብሰውን የሚያብለጨልጭ ፕላስቲክ ጊታሩን አለበሱት። በአኮርዲዮን ላይ ድምፅ የሚቀየረው በቁልፍ ስለሆነ ጊታሩም ላይ ቁልፍ ደረደሩ። እኔ እንደ ነውር ያየሁት ነገር፣ ሥራቸው ከእጃቸው ሊወጣ የነበረ ሰዎች የያዙትን ሙያ ይዘው አዲሱን ዘመን የተሻገሩበት ብልሃት ነበር።

ጊታር የሠሩት ሁሉም አይደሉም። ሶስት የአኮርዲዮን አምራቾች እ.ኤ.አ. በ1946 ተዋህደው የፈጠሩት ፋርፊሳ ኋላ በኤሌክትሪክ ኦርጋኑ ዓለም አወቀው። ያንኑ መሻገር የእኛም ሰው ያውቀዋል። በዚያው ዓመት ከእኛ ቆላ በላይ ደብረ ብርሃን የተወለደው ኃይሉ መርጊያ በአኮርዲዮን ጀምሮ የዋልያስ ባንድ ኦርጋን ተጫዋች ሆነ። አሜሪካ ከሄደ በኋላ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1985 ባወጣው አልበም አኮርዲዮኑን መልሶ ከሲንተሳይዘር ጋር አጣምሮ ተጫወተ። ኃይሉ አዲሱን ሲይዝ አሮጌውን ነቅሎ አልጣለም። እኔ ግን በጉጠት ነቀልኩት።

አጎቴ ካረፈ በኋላ ዕቃው ሲከፋፈል ማንም ጊታሩን አልፈለገውም። አንድ የሰርግ ባንድ ልጅ «ፕላስቲኩን ልጬ ጥቁር ልቀባው» ብሎ ዋጋ ጠየቀን። አልሰጠሁትም። ልባሱ በሙቀቱ ተሸማቅቆ ጠርዝ ጠርዙ ተላቋል፤ ሙጫውም ለቋል። የሻይ ቅጠሉ ቆርቆሮ ግን እንዳለ ነው፤ ቁልፎቹ አልጎደሉም። አሁን አንድ የሬዲዮ ጠጋኝ ጋ እየተመላለስን ሽቦውን እንደ ድሮው ልንመልሰው እየሞከርን ነው። ሰውየው መጀመሪያ ቀን ገልብጦ ካየው በኋላ «ይሄን ማን ነው እንዲህ ያደረገው?» አለኝ።

«እኔ ነኝ» አልኩት። ለአጎቴ አንድም ቀን አላልኩትም ነበር።