ዴስክቶፕ ጊዜው አልፎበታል ወይ? ከታሪኩ የተገኘ መልስ

የመጽሔታችን አዘጋጆች «ስለ ድሮው የኮምፒውተር ላብ አንድ ነገር ጻፍልን» ሲሉኝ ትዝታ ብቻ ጽፌ ብገላገል ደስ ባለኝ ነበር። ነገሩ ግን የትዝታ ብቻ አይደለም። ዘንድሮ ለግቢያችን ምን እናበርክት በሚለው ውይይት ላይ ሁለት ሐሳቦች እንደቀረቡ ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። አንደኛው ወገን «ታብሌት ገዝተን ለተማሪዎች እናድል» ይላል፤ ሁለተኛው «ያረጀው የዴስክቶፕ ላብ ይታደስ» ባይ ነው። የታብሌት ደጋፊዎች ክርክር በቀላሉ የሚጣል አይደለም። ተማሪው ሁሉ ስልክ ይዟል፤ ወሬውም፣ ንባቡም፣ ገንዘቡም ኪሱ ውስጥ ነው፤ ታዲያ ጠረጴዛ ላይ የተተከለ ማሽን ምን ያደርግለታል? ይላሉ። እኔ የታሪክ ተማሪ ስለነበርኩ መልሱን በታሪክ በኩል ልፈልገው። (እ.ኤ.አ. ካላልኩ በቀር ዓመቶቹ በእኛው አቆጣጠር ናቸው።)

የመጀመሪያዎቹ ኮምፒውተሮች የግለሰብ አልነበሩም፤ የመሥሪያ ቤት ነበሩ። አንድ ሰፊ ክፍል ሞልተው ይቀመጣሉ፤ ባለጉዳዩ ሥራውን በካርድ አስበስቶ ለኦፕሬተሩ ያስረክባል፤ ውጤቱን ሌላ ጊዜ ተመልሶ ይወስዳል። ሰውና ማሽን ፊት ለፊት አይገናኙም። እ.ኤ.አ. በ1973 የዜሮክስ ኩባንያ የፓሎ አልቶ ምርምር ማዕከል «አልቶ» የሚባለውን ማሽን ሠራ። ለአንድ ሰው የታሰበ፣ ማውዝ ያለው፣ በስክሪኑ ላይ ጽሑፍና ሥዕል አብሮ የሚያሳይ ነበር። አልቶ ለገበያ አልቀረበም። ገበያውን የከፈተው፣ በተለይ ለመሥሪያ ቤቶች፣ አይቢኤም እ.ኤ.አ. ነሐሴ 12 ቀን 1981 ያስተዋወቀው ፒሲ ነው። መነሻ ዋጋው 1,565 ዶላር፣ የመነሻው ሞዴል ሜሞሪ ደግሞ 16 ኪሎባይት ነበር። ዛሬ በስልካችን የምናነሳት አንዲት ፎቶ ብቻዋን ከዚያ ከመቶ እጥፍ በላይ ቦታ ትይዛለች።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ለእኛ ትልቁ ቁም ነገር ግን ዋጋውም ሜሞሪውም አይደለም። የአይቢኤም መሐንዲሶች ቶሎ ለመድረስ ሲሉ አብዛኛውን ክፍል ራሳቸው አልሠሩትም። ከሌሎች አምራቾች ገዝተው ገጣጠሙት፤ የአሠራሩን ዝርዝርም በመጽሐፍ አሳትመው አወጡት። በዚህ ምክንያት ሁለት ዓመት እንኳ ሳይሞላ ኮምፓክና ሌሎች ኩባንያዎች ተመሳሳዩን መሥራት ቻሉ። ዴስክቶፕ የአንድ ድርጅት ንብረት መሆኑ ያኔ አበቃ። እኛ «ክሎን» እያልን የገዛናቸው፣ ሱቅ ውስጥ ከተለያየ ቦታ በመጣ ዕቃ ዓይናችን እያየ የተገጣጠሙት «ሲፒዩዎች» የዚያ ውሳኔ ልጆች ናቸው። ሜሞሪው ቢበላሽ ሜሞሪው ይቀየራል፤ ፓወር ሰፕላዩ ቢቃጠል እሱ ብቻ ይለወጣል። አንድ ካቻቢቴና ትንሽ ትዕግሥት ይበቃል። የስልክና የታብሌት ባትሪ በማጣበቂያ ተለጥፎ በሚመጣበት በዚህ ዘመን ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ወደ ፊደላችን ልምጣ። የአማርኛ ፊደል ከነሰባት ቤቱ ከ200 በላይ ቅርጽ አለው፤ የጽሕፈት መኪና ደግሞ ሃምሳ የማይሞላ ቁልፍ። በኢንጂነር አያና ብሩ ስም ከሚታወቀው የአማርኛ የጽሕፈት መኪና ጀምሮ የነበረው ፈተና ይኸው ነው። ታይፒስቶቻችን የፊደሉን ዋና ቅርጽ ይመቱና እግሩን ወይም ቀለበቱን ለብቻው ይቀጥሉበት ነበር። የእነዚያ እናቶችና እህቶች ጣት ምን ያህል እንደሠራ የሚያውቅ ያውቀዋል። ኮምፒውተር ሲመጣ ሁለት ሦስት ቁልፍ ተመትቶ ሙሉው ፊደል ስክሪኑ ላይ ብቅ አለ። አጋፋሪ፣ ዋሽራ፣ ቪዥዋል ግዕዝ፣ ፓወር ግዕዝ የሚሉት ስሞች በእኛ ዕድሜ ላለ ሰው እንደ አብሮ አደግ ስም ናቸው።

ችግሩ ሁሉም በየራሱ መንገድ መሄዱ ነበር። እያንዳንዱ ፕሮግራም ለላቲን ፊደል በተመደበው ቦታ ላይ የራሱን የአማርኛ ቅርጽ ያስቀምጣል። አንዱ ጋ «ሰላም» ተብሎ የተጻፈው ፎንቱ በሌለበት ሌላ ማሽን ላይ ሲከፈት የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት ዝብርቅርቅ ይሆናል። እኔ የተመረቅኩት በ1993 ዓ.ም. ነው። የዚያን ጊዜ የመመረቂያ ጽሑፍ ያዘጋጀ ሰው 1.44 ሜጋባይት የምትይዘዋን ፍሎፒ በአንድ ኪሱ፣ የፎንቱን ፍሎፒ በሌላ ኪሱ ይዞ ነበር የሚዞረው። ማተሚያ ያለበት ቤት ሲደርስ መጀመሪያ የሚጠይቀው ዋጋውን ሳይሆን «የትኛውን ግዕዝ ነው የምትጠቀሙት?» ብሎ ነው።

ይህ ውጥንቅጥ መልክ የያዘው እ.ኤ.አ. በመስከረም 1999 የወጣው ዩኒኮድ 3.0 የኢትዮጵያን ፊደል ሲያካትት ነው። ከዚያ በኋላ «ሰ» የትም ማሽን ላይ «ሰ» የመሆን መብት አገኘች። ነገሩ ግን በአንድ ጀንበር አልሆነም። ዊንዶውስ ቪስታ እ.ኤ.አ. በ2007 ለሕዝብ ሲቀርብ «ኒያላ» የተባለውን ፎንት አብሮ ይዞ መጣ፤ ያኔ ነው ብዙ ሰው ምንም ሳይጭን አማርኛ ማንበብ የቻለው። ዛሬ በአውራ ጣታችን ለእናታችን «እንዴት አደርሽ» ብለን የምንልከው መልእክት የቆመው በዚህ መሠረት ላይ ነው። የስልካችን አማርኛ ከሰማይ አልወረደም፤ ዴስክቶፕ ፊት ተቀምጠው ፊደል በፊደል ቅርጽ ያወጡ፣ ኮድ የተከራከሩ፣ ኪቦርድ የነደፉ ሰዎች ሥራ ነው።

ስለ ላቡም ትንሽ ልበል። በአገራችን የኢንተርኔት አገልግሎት የተጀመረው በ1989 ዓ.ም. ነው፤ ለተማሪ ኪስ ግን ሩቅ ነበር። ግቢ ውስጥ የነበረን ተራ የሚያዝበት ላብ ነው። ስም ዝርዝር በር ላይ ይለጠፋል፤ ለአንድ ሰው አንድ ሰዓት፤ ብዙ ጊዜ ግን አንድ ወንበር ላይ ሁለት ሆነን እንቀመጣለን። መብራት ሲሄድ ከክፍሉ የሚወጣው «ወይኔ!» የሚል የጋራ ድምፅ አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ። ሴቭ ያላደረገ አልቅሶ፣ ያደረገ ደግሞ ስቆ ይወጣል። ግን ልብ በሉ፤ ግርጌ ማስታወሻ እንዴት እንደሚገባ ያሳየኝ አስተማሪ አይደለም፤ ከጎኔ ተቀምጣ የነበረች የኢኮኖሚክስ ተማሪ ናት። እኔም ለሌላው አሳየሁ። ስክሪኑ ትልቅ ስለሆነ የአንዱ ሥራ ለሌላው ይታያል። ላቡ ስንሠራ የምንተያይበት ቦታ ነበር።

ከዚያ ጊዜው ተለወጠ። አይፎን እ.ኤ.አ. በ2007፣ አይፓድ በ2010 ወጡ። በመካከሉ፣ እ.ኤ.አ. በ2008 መገባደጃ፣ በዓለም ገበያ የላፕቶፕ ጭነት ከዴስክቶፕ በለጠ። እ.ኤ.አ. በ2010 ስቲቭ ጆብስ በአንድ ጉባኤ ላይ ያቀረበው ንጽጽር እስከ ዛሬ ይነሳል። አሜሪካ የገበሬ አገር ሳለች መኪናው ሁሉ የጭነት ነበር፤ ሕዝቡ ወደ ከተማ ሲገባ አውቶሞቢል በዛ፤ ፒሲም እንደ ጭነት መኪናው ይሆናል፣ ይኖራል ግን የሚፈልገው ሰው ያንሳል የሚል ነው።

ቁጥሩን በተመለከተ ሰውየው አልተሳሳተም። ግን ንጽጽሩን ወደ እኛ አገር አምጡት እስቲ። ጤፉን ከአድአ፣ ሽንኩርቱን ከመቂ ጭኖ አዲስ አበባ የሚያስገባው አይሱዙ ነው እንጂ ቪትዝ አይደለም። አይሱዙ የሌለው ሰው ሞልቷል፤ አይሱዙ ከጫነው የማይበላ ግን የለም። ዴስክቶፕም እንዲሁ ነው። የሒሳብ ባለሙያው ፒችትሪ ሲከፍት፣ መሐንዲሱ በአውቶካድ ሕንፃ ሲነድፍ፣ ተመራማሪው በኤስፒኤስኤስ መጠይቅ ሲተነትን፣ የባንክ ሠራተኛው መስኮት ላይ ሲያስተናግደን፣ ፊት ለፊታቸው ያለውን እቃ እዩት። ስልክ የተዘጋጀውን ለመቀበል፣ ለመላክ፣ ለመክፈል ወደር የለውም። ረዥሙን ነገር ለማዘጋጀት፣ ሦስት ሰነድ ጎን ለጎን ዘርግቶ ለማመሳከር ግን ሰፊ ስክሪንና እውነተኛ ኪቦርድ ያስፈልጋል።

«ለዚህማ ላፕቶፕ አለ» የሚለኝ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ትክክል ነው፤ ላፕቶፕ መግዛት ለሚችል ተማሪ ዴስክቶፕ ግድ አይደለም። የኔ ጥያቄ መግዛት ስለማይችለው ነው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂ ሁሉ የመውጫ ፈተና ይወስዳል፤ ፈተናው የሚሰጠው በኮምፒውተር ነው። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በከፊል በኦንላይን ተሰጥቷል። አራትና አምስት ዓመት የተማረ ልጅ ዲግሪው የሚወሰነው ማውዝ ይዞ በሚያሳልፋቸው ጥቂት ሰዓታት ነው ማለት ነው። ከገጠር መጥቶ፣ ስልክ ብቻ ሲነካ ኖሮ፣ ከማሽኑ ጋር በደንብ የሚተዋወቀው በፈተናው ዕለት ከሆነ ፍርዱ ትክክለኛ ይሆናል? የምንሰጠው ስጦታ የሚመዘነው በዚህ ይመስለኛል።

በምሠራበት መሥሪያ ቤት አዲስ ምሩቃንን የምቀበለው እኔ ነኝ። ጎበዝ ልጆች ናቸው፤ እኛ በዚያ ዕድሜ ያላወቅነውን ብዙ ነገር ያውቃሉ። በሁለት አውራ ጣታቸው የሚጽፉበት ፍጥነት ያስቀናል። ግን ፋይሉን የት እንዳስቀመጡት ሲጠየቁ ግራ የሚገባቸው አሉ፤ ምክንያቱም ስልክ ፋይልን ደብቆ ነው የሚያሳድጋቸው። ፎልደር፣ ቅጂ፣ የሰንጠረዥ ቀመር የሚባሉት ነገሮች በሥራ የመጀመሪያው ወር የሚለመዱ ሆነዋል። ይህ የእነሱ ጥፋት አይደለም። የሚለማመዱበት ቦታ ስላጡ ነው።

የዴስክቶፕን እንከን ግን መደበቅ አልፈልግም። ባትሪ የለውም፤ መብራት ሲሄድ አብሮ ይሄዳል። ከስልክ ቻርጀር ብዙ እጥፍ ኤሌክትሪክ ይበላል። አቧራ ይጠላል፤ ቮልቴጅ ሲዘል ይቃጠላል። ላቡ ያለ ዩፒኤስና ያለ ስታብላይዘር፣ ከሁሉም በላይ ያለ ቋሚ ቴክኒሻን የሚታደስ ከሆነ በሁለት ዓመት ውስጥ የዕቃ ግምጃ ቤት ይሆናል። ሌላም አለ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 14 ቀን 2025 አቁሟል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ብዙ የቆዩ ማሽኖችን አይቀበልም። ይህ ማለት ግን ይጣሉ ማለት አይደለም። ሊኑክስ የተጫነበት ያረጀ ዴስክቶፕ ለጽሑፍ፣ ለሰንጠረዥና ለኢንተርኔት ዛሬም ያገለግላል፤ ለፕሮግራሚንግ ተማሪ እንዲያውም ጥሩ ትምህርት ቤት ነው።

ስለዚህ ለስብሰባው የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። የምናሰባስበው ገንዘብ ከሦስት እጅ ሁለቱ ለማሽንና ለኪቦርድ፣ አንዱ እጅ ለዩፒኤስ፣ ለመለዋወጫና ለቴክኒሻን ይመደብ። ላቡ ማታና ቅዳሜ ክፍት ይሁን፤ የስም ዝርዝሩም እንደ ድሮው በር ላይ ይለጠፍ። ከመውጫ ፈተናው በፊት ለማንኛውም ተመራቂ በቂ የልምምድ ሰዓት ይሰጠው። አንድ ማሽን ደግሞ ፍሎፒ ማንበቢያ ተገጥሞለት ለብቻው ይቀመጥ፤ በየቤታችን መሳቢያ ውስጥ የተረሱት፣ በአሮጌ ግዕዝ የተጻፉት የመመረቂያ ጽሑፎች ወደ ዩኒኮድ ተለውጠው ወደ ቤተ መጻሕፍት ይግቡ። ፍሎፒ ለዘላለም አይቆይም፤ ማግኔቱ እየደከመ ነው። ታብሌት ለመስጠት ያሰባችሁም ሐሳባችሁን አትጣሉት፤ ዓይናቸው ለማያይና በንባብ መሣሪያ ለሚማሩ ተማሪዎች ቢውል ከማንም ይልቅ እነሱን ይጠቅማል።

ድምፅ የምንሰጠው በመገናኛ በዓሉ ሁለተኛ ቀን ከሰዓት በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ጠዋት ላይ ላቡን ከፍተን ያሉትን ማሽኖች አንድ በአንድ ለማየት ከመምህራኑ ጋር ተነጋግረናል፤ የትኛው እንደሚድን፣ የትኛው ለመለዋወጫ እንደሚሆን እንለያለን። እጁን ማቆሸሽ የማይፈራ ሁሉ ይምጣ። ካቻቢቴ ከኔ፣ ቡና ከማኅበሩ።