ጄምስ ክላርክ ማክስዌል፤ የብርሃን መርማሪና የአጥቢያው ሽማግሌ

ልጅን ወደ ዘመናዊ ትምህርት ቤት መስደድ ከተጀመረ ወዲህ ከካህናትም ከምእመናንም ብዙዎች ሲሠጉ ኖረዋል። የመብረቅንና የብርሃንን ጠባይ በቍጥር መርምሮ የሚያውቅ ተማሪ ዳዊቱን ይዘጋል፥ ከቤተ ክርስቲያን ደጅም ይርቃል ይባል ነበር፤ ዛሬም የሚባልበት ቤት አለ። ሥጋቱ ከንቱ ነው ማለት አይቻልም፥ እንዲህ የሆኑ አሉና። ነገር ግን የብርሃንን ጠባይ ከሰው ሁሉ ቀድሞ በቍጥር የደረሰበት ሰው በቤቱና በአጥቢያው እንዴት እንደ ኖረ ማወቅ፥ ስለዚህ ነገር ለሚጨነቅ ወላጅ ይጠቅመዋል። ያ ሰው እስኮትላንዳዊው ጄምስ ክላርክ ማክስዌል ነው። ከዚህ በታች የሚነገረው ዘመን ሁሉ በኤውሮፓ አቈጣጠር ነው።

ማክስዌል በጁን 13 ቀን 1831 በኤዲንቡርግ ከተማ ተወልዶ፥ በደቡብ እስኮትላንድ በጋሎዌይ አውራጃ ግሌንሌር በሚባለው በአባቱ ርስት አደገ። አባቱ ጆን ክላርክ ማክስዌል ሕግ የተማረ፥ ነገር ግን ከፍርድ አደባባይ ይልቅ እርሻንና የእጅ ጥበብን የሚወድ ሰው ነበር። እናቱ ፍራንሲስ ኬይ ልጅዋን ራስዋ ታስተምረው ነበርና፥ በስምንት ዓመቱ 118ኛውን መዝሙር፥ በእነርሱ አቈጣጠር 119ኛውን፥ በቃሉ ይዞት ነበር። ይህ መዝሙር 176 ቍጥር ያለው፥ ከመዝሙራት ሁሉ ረጅሙ ነው፤ ዳዊት የደገመ ሰው ድካሙን ያውቃል።

እናቱ በ1839 በሆድ ዕጢ ደዌ ታማ፥ የማደንዘዣ መድኃኒት ገና ባልተለመደበት ዘመን በምላጭ ተቀድዳ ስቃይዋን ከታገሠች በኋላ ዐረፈች። አባትና ልጅ ብቻቸውን ቀሩ። የተቀጠረለት የቤት መምህር በትር የሚያበዛ ስለ ነበረ፥ በ1841 ልጁ ወደ ኤዲንቡርግ ወደ አክስቱ ቤት ተላከ። አባቱ ራሱ አስቦ ያሰፋለትን ልብስ ለብሶ፥ አፍንጫው አራት ማዕዘን የሆነ ጫማ ተጫምቶ ትምህርት ቤት በገባ ቀን ልጆቹ ከበው ዘበቱበት፤ ልብሱንም ቀደዱበት፤ «ጅሎ» የሚል ስምም አወጡለት። ያ ጅሎ የተባለው ልጅ በ14 ዓመቱ በክርና በመርፌ የእንቍላል ቅርጽ የሚሣልበትን አዲስ ብልሃት አገኘ። በሊቃውንት ጉባኤ ፊት ቆሞ ለማንበብ ዕድሜው አልደረሰምና፥ ጽሑፉን በ1846 ፕሮፌሶር ጄምስ ፎርብስ አነበበለት።

በኤዲንቡርግና በካምብሪጅ ትምህርቱን ከፈጸመ በኋላ አባቱ መድከም ጀመረ። በአበርዲን ከተማ በማሪሻል ኮሌጅ የተፈጥሮ ፍልስፍና ወንበር (ፊዚክስ ያን ጊዜ እንዲህ ይባል ነበር) ባዶ መሆኑን በሰማ ጊዜ ማክስዌል ማመልከቻ አገባ። ትምህርቱ ከኖቬምበር እስከ ኤፕሪል ብቻ የሚሰጥ ስለ ሆነ፥ የቀረውን ግማሽ ዓመት ከአባቱ ጋራ ለመቀመጥ አስቦ ነው። አባቱ ግን የልጁን ሹመት ሳያይ በኤፕሪል 1856 ሞተ።

በ1858 የኮሌጁን አለቃ ልጅ ካትሪን ሜሪ ዲዋርን አገባ። በዕድሜ በሰባት ዓመት ትበልጠው ነበር፤ ልጅም አልወለዱም። ከባልዋ ወዳጆች አንዳንዶቹ አይወዷትም ነበር። እርሱ ግን ከእርስዋ በተለየ ጊዜ ሁሉ በየዕለቱ ይጽፍላት ነበር፤ በደብዳቤውም ውስጥ ያን ቀን ካነበበው ከጳውሎስ መልእክት የተረዳውን እየተረጐመ ይልክላት ነበር። ትርጓሜ የተማረ ሰው ደብዳቤዎቹን ቢያይ ባልና ሚስቱ በአንድ ጉባኤ የተቀመጡ ይመስሉታል። በ1860 ፈንጣጣ በያዘው ጊዜ ያስታመመችው እርስዋ ናት፤ ሕይወቱ የተረፈችውም በእርስዋ ትጋት እንደ ሆነ ይናገር ነበር። በዚያው ዓመት የአበርዲን ሁለት ኮሌጆች አንድ ሆነው ወንበሩ ስለ ታጠፈበት ወደ ሎንዶን ወደ ኪንግስ ኮሌጅ ሄደ። በሎንዶን ቤታቸው ሰገነት ላይ የአየርን ጠባይ ሲመረምር፥ የክፍሉ ሙቀት እንዳይለዋወጥ እሳቱን የምታነድለት ካትሪን ነበረች።

ከሥራው ሁሉ የሚበልጠው ስለ ኤሌክትሪክና ስለ መግነጢስ ያገኘው ነው። ከእርሱ በፊት ማይክል ፋራዴይ፥ የመጽሐፍ ጠራዥ ደቀ መዝሙር ሆኖ ያደገ፥ የሒሳብ ትምህርት ያልገባበት ሰው፥ በመግነጢስ ዙሪያ የኀይል መስመሮች እንዳሉ አይቶ ነበር። ማክስዌል ይህን በቍጥር ለመግለጥ በ1856 መስመሮቹን በቧንቧ ውስጥ በሚፈስ ውሃ መሰላቸው፤ ይህ ውሃ ግን ለምሳሌ ብቻ የታሰበ እንጂ በእውነት ያለ እንዳልሆነ አስጠነቀቀ። በ1861 ደግሞ የሚሽከረከሩ አዙሪቶችንና በመካከላቸው የሚንከባለሉ ትንንሽ ኳሶችን በምሳሌ አመጣ። በ1865 ባሳተመው ጽሑፍ ግን ምሳሌውን ትቶ ሒሳቡን ብቻ አቆመ። የቅኔ ተማሪ ይህን በቀላሉ ያስተውለዋል፤ ውሃውና አዙሪቱ ሰም ነበሩና፥ ወርቁ ከፈሰሰ በኋላ ሰሙ አያስፈልግም።

ወርቁም ይህ ነው። ከኤሌክትሪክ ልክ ብቻ ተነሥቶ፥ የኤሌክትሪክና የመግነጢስ ማዕበል በአንድ ሴኮንድ 310,740 ኪሎሜትር መሄድ እንዳለበት አገኘ። ፊዞ የሚባለው ፈረንሳዊ የብርሃንን ፍጥነት ለክቶ 314,858 ኪሎሜትር ብሎ ነበር። ሁለቱ ቍጥሮች በመቀራረባቸው፥ ብርሃን ራሱ የኤሌክትሪክና የመግነጢስ ማዕበል ነው ብሎ ፈረደ። ዛሬ ልኩ 299,792 ኪሎሜትር ያህል እንደ ሆነ ታውቋል። ማዕበሉንም ሄርትዝ የሚባለው ጀርመናዊ ማክስዌል ከሞተ በኋላ በ1888 በሙከራ አስረዳ። አልጋ ላይ የዋለ በሽተኛ ቅዳሴውን ከቤቱ ሆኖ በራዲዮ የሚሰማው በዚሁ ማዕበል ነው።

ይህን ጽሑፍ ባሳተመበት በ1865፥ ገና በ34 ዓመቱ፥ ወንበሩን ትቶ ወደ ግሌንሌር ተመለሰ። በዚያም የኮርሶክ ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ሆኖ አገለገለ፤ ለቤተ ክርስቲያኑ መተዳደሪያና ለካህኑ መኖሪያ ቤት ከገንዘቡ ሰጠ። ያች ቤተ ክርስቲያን በትምህርትም በሥርዓትም ከተዋሕዶ የተለየች ናት፤ የሰውየው ትጋት ግን አይካድም። ማታ ማታ ቤተ ሰቡንና አሽከሮቹን ሰብስቦ ራሱ ይጸልይ ነበር፤ በአጥቢያው የታመመ ሰው እንዳለ ሲሰማም ሄዶ አጠገቡ ተቀምጦ ያነብለትና ይጸልይለት ነበር። ስለ ኤሌክትሪክና ስለ መግነጢስ የጻፈው፥ በ1873 የታተመው ትልቅ መጽሐፉ፥ አብዛኛው በዚሁ ቤት የተደከመበት ነው።

ሰው ሁሉ ሊያስተውለው የሚገባ አንድ ነገር አለ። ቅዱሳት መጻሕፍትን ከዘመኑ ምርምር ጋራ ለማስታረቅ በሎንዶን የተቋቋመ ማኅበር በ1875 አባል ይሆን ዘንድ ጋበዘው። እንዲህ ያለ ታላቅ ስም ለማኅበሩ ጋሻ በሆነለት ነበር። ማክስዌል ግን እንቢ አለ። ክርስቲያን ሁሉ ዕውቀቱን ከሃይማኖቱ ጋራ ለማስማማት መድከም አለበት፤ የደረሰበት ነገር ግን ለራሱ እንጂ ለሌላው ሕግ አይሆንም፥ ለራሱም ቢሆን ለጊዜው ነው፤ አሳቡ ይህ ነበር። በሚከተለው ዓመት ጳጳሱ ኤሊኮት ሌላ ጥያቄ ላኩበት። ፀሐይ ሳይፈጠር በፊተኛው ቀን የተፈጠረው ብርሃን ሊቃውንቱ ኤተር የሚሉት፥ ሰማይን ሁሉ የሞላው ረቂቅ ነገር ነው ማለት ይቻላልን? ማክስዌል ራሱ ኤተር አለ ብሎ የሚያምን ነበር። ቢሆንም የምርምር ግምት ከመጽሐፍ ትርጓሜ ይልቅ ፈጥኖ የሚለዋወጥ ነውና፥ ትርጓሜውን በግምቱ ላይ መትከል አይገባም ብሎ መለሰ። እንዳለውም ሆነ፤ ከ1905 ከአይንስታይን ጽሑፍ በኋላ ሊቃውንቱ ኤተርን ተዉት። ጳጳሱ የዘፍጥረትን ትርጓሜ በእርሱ ላይ ሠርተው ቢሆን ኖሮ፥ ኤተሩ ሲቀበር ትርጓሜውም አብሮ በተቀበረ ነበር። ሃይማኖቱን የሚወድ ሰው ለሃይማኖቱ የሚመች የሚመስለውን ማስረጃ አልቀበልም ማለቱ ቀላል አይደለም። እንዲህ ያለ ጥንቃቄ በሊቃውንትም በካህናትም ዘንድ ብዙ አይገኝም።

በ1871 ካምብሪጅ የሙከራ ፊዚክስ ወንበር አቁሞ ጠራው፤ እርሱም የመጀመሪያው ፕሮፌሶር ሆነ። ካቨንዲሽ የሚባለው ቤተ ሙከራ በ1874 በተከፈተ ጊዜ፥ የእግዚአብሔር ሥራ ታላቅ መሆኑንና የሚመረመርም መሆኑን የሚናገር ከ110ኛው መዝሙር የተወሰደ ቃል በላቲን ቋንቋ በደጁ ላይ ተቀርጾ ነበር። በካምብሪጅ ሳሉ ካትሪን ጽኑ ሕመም ታመመች። ማክስዌል ሦስት ሳምንት አልጋ ላይ ሳይተኛ፥ ሌሊቱን ከአጠገብዋ በወንበር ተቀምጦ እያደረ፥ ቀን ቀን ማስተማሩን ሳያስታጕል አስታመማት። ከተማሪዎቹም የሚያውቅ አልነበረም ቢባል ያስኬዳል፤ ስለ ቤቱ ጭንቀት በአደባባይ የሚያወራ ሰው አልነበረምና።

በ1879 የእናቱ ደዌ ያዘው። በኦክቶበር ወር ሐኪሙ ከአንድ ወር ያለፈ ዕድሜ እንደሌለው ነገረው። ስለ ራሱ አልተጨነቀም፤ አሳቡ ሁሉ ጤና ስላጣችው ሚስቱ ነበር፥ ማን ይጠብቃታል እያለ። በኖቬምበር 5 ቀን 1879 በ48 ዓመቱ ዐረፈ። በኮሌጁ ቤተ ጸሎት ጸሎት ከተደረገለት በኋላ ሥጋውን ወደ ጋሎዌይ ወስደው በፓርቶን፥ በፈረሰው በጥንቱ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ፥ ከአባቱና ከእናቱ ጋራ ቀበሩት። ካትሪን ከሰባት ዓመት በኋላ በ1886 ተከተለችው። የአራቱም ስም በአንድ ድንጋይ ላይ ተጽፏል።